የሀሲና አራት ማሰሮ

«ቅመሱት እንጂ ጋሽ አብዱሰመድ። ቅመሱትና ምን እንደሸጡልኝ ይወቁት።»

ወይዘሮ ወይንእሸት ይህን ስትል እጇ ቢጫ ጄሪካን ላይ ነው፤ ጄሪካኑ ደግሞ ሞጣ ገበያ ዳር ባለው የአብዱሰመድ የማር መደብር ባንኮኒ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ጠጅ ነው። አብዱሰመድ ሶላቱን የማያጓድል፣ ጠጅ በሩቁ እንኳ አሽትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማር ሸጧል፤ ማሩ ከመደብሩ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ይህ አለመጠየቅ ለብዙ ዓመት ሁሉንም ወገን አስማምቶ ኖሯል። ዛሬ ያልጠየቀው ነገር በጄሪካን ሆኖ፣ ከነሽታው ተሳፍሮ መጣበት።

ወይንእሸት ቢቸና ላይ ስሙ የተጠራ ጠጅ ቤት አላት። ጄሪካኑን ታቅፋ በሚኒባስ ስትመጣ ግንደወይን ላይ ተሳፋሪው መስኮት ይከፈት ብሎ አጉረምርሞ ነበር፤ እሷ ግን ማስረጃ ነው ብላ ክዳኑን እንኳ ጠበቅ አላደረገችውም። አሁን ባንኮኒው ፊት ቆማ የሆዷን ታወርዳለች። ጠጁ አልፈላ ብሏታል። የፈላው ደግሞ አፍ ይይዛል፣ ጉሮሮ ይፍቃል። ደንበኞቿ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጠጅ ቤት ተሻግረዋል፤ ሲሻገሩም ቀስ ብለው፣ እሷ እያየቻቸው ነው የተሻገሩት። ጌሾው የድሮው ጌሾ ነው፣ ውሃው የድሮው ውሃ ነው፣ እጇም የድሮው እጇ ነው። እንግዲህ የቀረው ማሩ ነው። ማሩ ውስጥ ስኳር ገብቷል።

አብዱሰመድ ወላሂ አለ። ደግሞ ወላሂ አለ። ሴትየዋ መሐላ ልትገዛ አልመጣችም።

ከኋላ፣ ከባዶ ጣሳዎች መሀል፣ ሀሲና ተቀምጣ ትሰማለች። ሀሲና የአብዱሰመድ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ኮሌጅ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ለእረፍት ነው የመጣችው። ተነሥታ እስክሪብቶ ያዘችና ወደ ባንኮኒው ቀረበች።

«እትዬ ወይንእሸት፣ ምን አዩ?»

«የሰው ክፋት አየሁ።»

«ጠጁ ላይስ?»

ወይንእሸት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረምና የባሰ ተቆጣች። ይህች ልጅ ሳታፍር ታላቅን ትመረምራለች፣ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ቢቸና ላይ እንገናኝ ብላ ወጣች። ጄሪካኑን ትታው ሄደች። አብዱሰመድ በእጁ እንዳይነካው፣ እዚያው እንዳይተወው፣ ጎረቤት እንዳይጠራበት ሲያስብ የዙሁር ሶላት ደረሰበት።

የነገሩን ክብደት ሀሲና ያወቀችው በምሳ ሰዓት ነው። ከአብዱሰመድ ማር አብዛኛውን የሚወስዱት የቢቸና ጠጅ ቤቶች ናቸው። የወይንእሸት ምላስ ደግሞ ከሁሉም ጠጅ ቤት ይደርሳል። አብዱሰመድ ቁራሹን እንደያዘ፣ ልጁን ሳያይ፣ ቢቸና ከቀረ ባሕር ዳርም ይቀራል አለ። ባሕር ዳር ማለቱ ኮሌጁን ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሆዱን አወጣው።

«ቢቀርም አይቆጨኝም። መጻፍ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ትችያለሽ። መጻፍ አስተማርናት ብለው ብር ይቀበሉኛል።»

ይህ ቂም ነው፤ የቆየ ቂም። ባለፈው ሴሚስተር ሀሲና የሳይንስ አጻጻፍ የሚባል ትምህርት ወስዳለች። ከዚያ በፊት ለአባቷ ስትጽፍ ከጎረቤት ጤና ጀምራ፣ የአክስቶቹን ሁሉ ስም ጠርታ፣ ስለ ዝናቡ አሏህን አመስግና ነበር ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ከትምህርቱ በኋላ ስልኩ ላይ የላከችለት መልእክት እንዲህ የሚል ነው፦ «ደርሻለሁ። ደህና ነኝ። ብር አልቋል።» አብዱሰመድ ይህን ለሚያምናቸው ሰዎች ሁሉ አሳይቷል። ከፍሎ ልጁን ወሬ እንዳሳጧት ነው የሚቆጥረው።

መቼም ሀሲናም መጀመሪያ ላይ ትምህርቱን እንደ አባቷ ነበር ያየችው። አስተማሪው አቶ አስናቀው የሚባል፣ ቀጭን፣ ፈገግ ማለት የሚያደክመው የሚመስል ሰው ነው። ለመጀመሪያው ወረቀቷ ስለ ቤተ ሙከራ ጽፋ «ውሃው እጅግ በሚያስደንቅ ሁኔታ ፈላ» ብላ ነበር። አስናቀው በቀይ እስክሪብቶ ከበበውና ከጎኑ «ማን ደነቀው?» ብሎ ጻፈበት። ዝቅ ብላ «ሁሉም እንደሚያውቀው» ብላለች፤ እዚያ ላይ «እኔ አላውቅም» ይላል። «ብዙ ጨው ጨመርን» ያለችበት ላይ የጻፈው «በማን ማንኪያ?» የሚል ነው። ወረቀቱ ሲመለስላት ከበግ ማረጃ የመጣ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ሁላችሁም በየቀኑ የምትሠሩትን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጻፉ አለ። ሀሲና ሻሽ አስተሳሰርን ጻፈች፤ ቀላል ነው ብላ። አስናቀው ወረቀቱን ለአንድ ወንድ ተማሪ ሰጠና፣ ከተጻፈው ውጭ ምንም ሳታስብ አድርግ አለው። ልጁም አላሰበም። የተጻፈውን በታማኝነት ሲፈጽም ሻሹ ዓይኑን ሸፈነው፤ ቀጥሎ «ዞር ማድረግ» የሚል ነበርና ራሱ ዞረ፤ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ተጋጨ። ክፍሉ ሲስቅ ሀሲና አልሳቀችም። ለካ በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ያያል ብላ ነው ስትጽፍ የኖረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ስትጽፍ የዚያ ልጅ ግንባር ፊቷ ላይ ይመጣል።

እና ሽምግልናው ቢቸና ላይ ተቆረጠ። ቦታው የወይንእሸት ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ከአንድ ወይራ ጥላ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ንግግር የሚያውቁ፣ የሰውን ንግግርም የሚያጣጥሙ ሰው። ሁለተኛው የወይንእሸት ጎረቤት ጋሽ ያየህ ናቸው። ሦስተኛውን፣ ጡረተኛውን መቶ አለቃ ስጦታውን፣ አብዱሰመድ ነው የመረጠው፤ ለሳላቸው ከእሱ ማር ይወስዳሉ።

ወይንእሸት ተነሥታ ተናገረች። ንግግሯ ከአያቷ ጠጅ ጀምሮ፣ በማር ነጋዴ ታሪክ አልፎ፣ ዛሬ ባለው የሰው ልጅ ጥፋት ላይ አረፈ። በጊዮርጊስ ማለች። አብዱሰመድ ተነሣ፣ ከአባቱ ሚዛን ጀምሮ ተናገረ፣ ወላሂ አለ። ሁለቱም አሳምረው ተናገሩ፤ ሁለቱም ማሉ፤ ነገሩ ንቅንቅ አላለም። መሪጌታ ለሌላ ቀን ሊቀጥሩ ጋቢያቸውን ሲሰበስቡ ሀሲና ከወደ ኋላ እጇን አወጣች፤ ክፍል ውስጥ እንዳለች።

መሪጌታ ተናገሪ አሏት። ሀሲናም ስኳር ገብቷል አልገባም ብሎ በመማል የሚታወቅ ነገር የለም፣ ጠጁን ራሱን እንጠይቀው አለች። እትዬ ወይንእሸት ጠጅ ሲጥሉ የሚያደርጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ልጽፍ፤ ከዚያ በትንሽ በትንሽ ማሰሮ ይጣል፤ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ይቅመሱና ይፍረዱ። ጋሽ ያየህ እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ ይዟቸው ነበር። ቅመሱ የሚለውን ሲሰሙ ቀና ብለው ልጅቷ የተናገረችው ከባድ ነገር ነውና ይታሰብበት አሉ። ታሰበበት። ወዲያው ተፈቀደ።

አብዱሰመድ ወደ ሞጣ ተመለሰ፤ ሀሲና ቢቸና አክስቷ ቤት ቀረች። በማግስቱ ጠጅ ቤቱ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች።

«ጠጅ መጣል ልታስተምሪኝ ነው?» አለች ወይንእሸት።

«አይደለም እትዬ። እርስዎ ሊያስተምሩኝ ነው።»

ይህ ትንሽ አለሰለሳት። ግን ብዙም አልቆየም። ወይንእሸት «ጌሾ ትጨምሪያለሽ» ስትል ሀሲና ምን ያህል ትላለች፤ «እጄ ያውቃል» ስትል እጅዎን ያሳዩኝ ትላለች፤ የጨበጠችውን ጌሾ ተቀብላ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች። «ከዚያ ውሃ» ስትል ከዚያ በፊትስ ትላለች። ወይንእሸት በሕይወቷ ባል ፈትታለች፣ ከቀበሌ ጋር ተከራክራለች፤ እንዲህ አልተጨቀጨቀችም። በመጨረሻ ከዚያ በፊትስ የሚለው ሲበዛባት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ከዚያ በፊትማ ይታጠባላ! በምን እንደሚታጠብም ልንገርሽ? በበረኪና ነው። አዲስ አበባ እህቴ ቤት ያየሁትን። እዚህ አገር ያሉት ሁሉ ገና በግራዋ ቅጠል ሲፈትጉ እኔ ቤት በረኪና ነው።»

ሀሲና ቀና ሳትል የበረኪናውን መጠን ጠየቀች። ወይንእሸት በኩራት አሳየቻት። በኋላ በውሃ ይለቀለቃል ወይ አለች። ወይንእሸት በውሃ ከተለቀለቀ ንጽሕናው ይሄዳል አለች። መቼ ነው የተጀመረው አለች። ከፋሲካ ወዲህ ነው። ጠጁ እምቢ ማለት የጀመረውስ? ወይንእሸት አሰበች። እሱም ከፋሲካ ወዲህ ነው።

ሀሲና ተነሥታ አገኘሁት ብትል፣ ለአባቷ ብትደውል፣ የዚያን ቀኑን ነገር በዚያው ብትጨርስ በወደደች። እስክሪብቶው ግን እጇ ላይ ቆመ። አስናቀው አንድ ጊዜ የሁሉንም ተማሪ ወረቀት በአንድ ቃል የመለሰበት ቀን ነበር። በየወረቀቱ ላይ የጻፈው «ጠርጥረሃል እንጂ አላየህም» የሚል ነው፤ ለሴቶቹ «ጠርጥረሻል» ብሎ። እሷም እስካሁን ጠርጥራለች እንጂ አላየችም። ደግሞም ማሩ ፋሲካ ሰሞን ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በረኪናን ብቻ ብታነሣ አባቷን ለማዳን ያመጣችው ነገር ነው ይባላል፤ እውነትም እንደዚያ ይሆናል።

ስለዚህ ማሰሮዎቹ አራት ሆኑ። ሁለቱ በግራዋ ተፈትገው በወይራ ታጠኑ፤ ሁለቱ በበረኪና ታጠቡና ሳይለቀለቁ ቀሩ። ከግራዋዎቹ አንዱ የሞጣ ማር ገባበት፣ ሌላው ወይንእሸት ራሷ ቢቸና ገበያ ቀምሳ የመረጠችው ማር ገባበት። በረኪናዎቹም እንደዚያው። ጌሾው በሚዛን፣ ውሃው ከአንድ እንስራ። የጣለችው ወይንእሸት ናት፣ ማንም እጅ ለወጠው እንዳይል። ሀሲና ከየማሰሮው ሥር በከሰል ምልክት አደረገች። ከዚያ ጎረቤት ያለችው አስናቀች ተጠራች። አስናቀች በርበሬ ነጋዴ ናት፤ የተመረጠችው ለወይንእሸትም ለሞጣ ሰዎችም ፍቅር ስለሌላት ነው። በሩን ዘግታ፣ ማንም ሳያያት፣ ማሰሮዎቹን እንዳሻት አዘዋወረቻቸው። እንደዚያ ከሆነ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሀሲናም አታውቅ፣ ወይንእሸትም አታውቅ፣ አስናቀችም ማወቅ አትፈልግ።

ጠጁ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከተቀጠሩበት ሰዓት ቀድመው መጡ። በሽምግልና ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ቢቸና ላይ አልታየም።

ሀሲና ደንቡን ነገረቻቸው። ከየማሰሮው ትንሽ ይቀመሳል፤ በመሀል አፍ በውሃ ይታጠባል፤ እስኪያልቅ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ጋሽ ያየህ ውሃውን ተቃወሙ። ጠጅ ቤት ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ ቢታዩ ለልጆቻቸው ምን እንደሚሉ ጠየቁ። መቶ አለቃ ትእዛዝ ነው ብለው ጠጡ፤ ጋሽ ያየህም ተከተሉ። መሪጌታ ግን ሀሲናን አዩዋት።

«አንቺስ ልጄ፣ ሳትቀምሺ በምን ታውቂያለሽ?»

«እኔ አልቀምስም መሪጌታ። ስለዚህ ለየትኛውም አላዳላም።»

መሪጌታ ይህን ነገር በሆዳቸው ደጋግመው አዩት፤ ወደዱት።

ቀመሱ። እያንዳንዳቸው በየተራ ለሀሲና ጆሮ ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። ከአራቱ ሁለቱን ሦስቱም አፍ ይይዛል፣ ይፍቃል፣ አልፈላም አሉ። ሁለቱን ደህና ነው አሉ። ጋሽ ያየህ እርግጠኛ ለመሆን ደህናዎቹን መድገም ያስፈልጋል አሉ። ሀሲና መድገም በሳይንስ የተወደደ ነው አለች፤ ይህን በማለቷ በኋላ ተጸጽታለች። ደገሙ። መቶ አለቃም በሁለተኛው ላይ ጥርጣሬ አለኝ ብለው ደገሙ። መሪጌታ ዝም ብለው ደገሙ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ሁለት ማሰሮ ባዶ ነው፤ ሁለት ማሰሮ እንደሞላ ነው። ሀሲና ይህንንም ጻፈች።

ማሰሮዎቹ ተነሥተው ከሥራቸው ያለው የከሰል ምልክት ታየ። የሞሉት ሁለቱ በረኪናዎቹ ናቸው፤ አንዱ የሞጣ ማር፣ አንዱ ወይንእሸት ራሷ የመረጠችው የቢቸና ማር። ባዶዎቹ ሁለቱ ግራዋዎቹ ናቸው፤ እዚያም አንዱ የሞጣ፣ አንዱ የቢቸና። ወይንእሸት የራሷን ማር የያዘውን በረኪና ማሰሮ ብቻዋን ቀመሰችው። ተፋችው። ፍርዱ ልጅቷ ሁሉን ጽፋ ስትመጣ ይሰማል ተባለና ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ወጡ።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሀሲና ግን ወደ አክስቷ ቤት ስትሄድ ወረቀቷን ደግማ አየችው። ከሁለቱ ደህና ጠጆች አንዱን፣ የሞጣውን፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ «ደህና ነው፣ ግን ቀጭን ነው» ብለውታል። ቀጭን የሚለውን ቃል ለብቻ ለብቻቸው ነው የተናገሩት፤ አልተማከሩም።

ሞጣ ገብታ የአባቷን ጣሳዎች አንድ በአንድ ከፈተች። ወፍራሙ ማር ከማንኪያ ላይ እየጎተተ ይወርዳል። ከኋላ ባሉት ጣሳዎች ያለው ግን እንደ ውሃ ቶሎ ይወርዳል። አባቷን ጠየቀችው። አብዱሰመድ የክረምት ማር ነው አለ፤ ገበሬው ሳይደርስ ቆርጦ ያመጣው፣ ውሃ የበዛበት። ጣሉት አይባል ማር ነው፤ ለብቻው የሚገዛው የለም፤ ከወፍራሙ ጋር ደባልቆታል። ስኳር አይደለም፤ ወላሂ ማር ነው።

«ማር መሆኑን እጽፋለሁ» አለች ሀሲና። «መደባለቁንም እጽፋለሁ።»

እዚያ ላይ ቤቱ ተነሣ። ለአብዱሰመድ ልጁ ያሸነፈችውን ነገር ራሷ ልታበላሸው ነው። በረኪናው ተገኝቷል፣ ነገሩ አልቋል፣ ማን ጠየቀሽ አላት። ዝም ማለት ውሸት አይደለም አላት። አላዋጣ ሲለው መደራደር ጀመረ፤ ቀጭን በሚለው ፈንታ ለስላሳ በይው አላት። ለስላሳ ካልሽው ሽያጭም ይጨምራል።

«አባዬ፣ ቀጭን ያሉት እነሱ ናቸው። በራሳቸው አፍ ቀምሰው፣ በራሳቸው አፍ ነግረውኛል። ባነብላቸውና ያ ቃል ቢቀር፣ ሌላ ምን ቀረ አይሉም? በረኪናውንም ያን ጊዜ አያምኑኝም።»

አብዱሰመድ ወደ ሚስቱ ዞረ። እናቷ ዑሙሰልማ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል የደባለቅኸው አንተ፣ የጻፈችው እሷ፣ በየድርሻችሁ እደሩ አለች።

ሀሲና ግን አደረች እንጂ አልተኛችም። የትምህርቱን ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ በዚያች አንዲት ገጽ ላይ አሳለፈችው። ጽፋ ጽፋ ስታነበው «በሚያሳዝን ሁኔታ» የሚል አገኘች፤ ማን አዘነ ብላ ሰረዘችው። «ያለ ጥርጥር» የሚል አገኘች፤ ሰረዘችው። የወይንእሸትን ስም ፈለገችና «በበረኪና ታጥበው ያልተለቀለቁት ማሰሮዎች» በሚለው ተካችው፤ የፈላው ጠጅ፣ ያልፈላውም ጠጅ የማሰሮ ነው፤ የሰው ስም እዚያ ምን ይሠራል። በስም የተጻፉት ሦስቱ ቀማሾች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የተጠየቀውን አስቀመጠች፣ ከዚያ የተደረገውን፣ ከዚያ የታየውን፣ ከዚያ ይመስለናል የምትለውን። ከሁሉ በታች ለማናውቀው ነገር ቦታ ተወች። ሲነጋ ገጹ ግማሽ ሆኗል።

ፍርድ በሚሰማበት ቀን የወይንእሸት ጓሮ ሰው ሞላ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጠጅ ቤት ባለቤት ሳይቀር መጥቷል፤ ምናልባት ነገር ቢገኝ ብሎ። ወይንእሸት ነጭ ለብሳ፣ መልስ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ስሟ ሲነሣ የምትለው ነበራት፤ ከአዲስ አበባ እህቷ ጀምሮ የሚሄድ ረጅም ነገር ነው።

ሀሲና አነበበች። የተጠየቀው ይህ ነው፤ የተደረገው ይህ ነው። በግራዋ የታጠቡት በሁለቱም ማር ፈልተዋል። በበረኪና ታጥበው ያልተለቀለቁት በሁለቱም ማር አልፈሉም። ከሁለቱ ደህና ጠጆች የሞጣ ማር ያለበትን ሁለት ቀማሾች ቀጭን ብለውታል፤ ከመደብሩ ማር ውስጥ ውሃ የበዛበት የክረምት ማር ተደባልቆ ተገኝቷል። ስኳር ስለመኖር ወይም አለመኖር ይህ ሙከራ በቀጥታ አያሳይም፤ ግን ጠጁን እምቢ ያሰኘው ማሩ እንዳልሆነ ያሳያል። በረኪናው በደንብ ቢለቀለቅ ምን ይሆን እንደነበር አናውቅም። የፈለገ ሰው በተጻፈው መንገድ ደግሞ ይሥራው።

አለቀ። ወይንእሸት ስሟን ስትጠብቅ አለቀባት። የሚመለስለት ሰው የለም፤ ያን ሁሉ መልስ እንደያዘችው ቀረች።

አብዱሰመድ ጉልበቱን እያየ ነው። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ለብቻቸው አነበቡት፤ ከዚያ ሀሲናን ጠሯት።

«ይህን በአባትሽ ላይ የጻፍሽውን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አናውቅም ያልሽበትንስ?»

«ስለማናውቅ ነው መሪጌታ።»

መሪጌታ ወረቀቱን አጠፉት። በዚህ ወይራ ሥር ሰው ሲምል፣ ሲያለቅስ፣ በግጥም ሲናገር ሰምተዋል፤ አሸናፊው ራሱ በራሱ ላይ ጽፎ፣ አላውቅም ብሎ ፈርሞ የመጣ ግን ዛሬ ነው ያዩት አሉ። በአባቷ ላይ የጻፈችውን ስላመኑ በበረኪናው ላይ የጻፈችውን ለማመን አልተቸገሩም። ፍርዱም አጭር ነበር፤ ወረቀቷ ተጋብቶባቸው ይሆናል። ስኳር የሚለው ክስ ወድቋል። ማሰሮው ወደ ግራዋው ይመለስ። የክረምቱ ማር ለብቻው፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ዋጋ ይሸጥ።

አብዱሰመድ ተነሣ። ሰው ሁሉ የሚምል መስሎት ጠበቀ። አልማለም። የደባለቅሁት እኔ ነኝ፣ ከዛሬ ወዲህ ቀጭኑን ቀጭን ብዬ እሸጣለሁ አለና ተቀመጠ። በሕይወቱ ያደረገው አጭሩ ንግግር ነው። ከመንገዱ ማዶ የመጣው ባለ ጠጅ ቤት እዚያው ተነሥቶ ወፍራሙን ለእኔ ያዝልኝ አለ፤ ሰው በራሱ ላይ የሚናገር ከሆነ በማሩም አይዋሽም ብሎ ነው። ወይንእሸት ደንበኛዬን ልትነጥቀኝ ነው ብላ እጥፍ አዘዘች። ጓሮው ገበያ ሆነ። አብዱሰመድ ማር ሲያስመዘግብ ደጋግሞ ወደ ልጁ ያያል።

ወደ ሞጣ ሲመለሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ አብዱሰመድ ኮሌጁ መቼ ነው የሚመዘግበው ብሎ ጠየቀ። ነገረችው። ቀጥሎ ያ አስተማሪ ሌላ ምን ያስተምራል አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለሀሲና ደስታ ነው። ወይንእሸት ገጹን ቅጂ አስወጥታ ጠጅ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ከብርሌዎቹ በላይ ለጠፈችው። የቢቸና ጠጅ ጣዮች እየመጡ አነበቡት፤ ማንበብ የማይችሉት አስነበቡ። ከእነሱ ሁለቱ በየቤታቸው በየማሰሯቸው ደግመው ሠሩት፤ በተጻፈው መንገድ፣ ሀሲናን ሳይጠይቁ፤ እንደተጻፈውም ሆነላቸው። ሀሲና ይህን ለአስናቀው ነገረችውና ገጹን አሳየችው። አንዲት ቃል ከበበባት፤ ከታች ግን «ሌሎች ደግመውታል» ብሎ ጻፈ። ከእሱ እጅ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያገኘ ተማሪ የለም። ሀሲና ወረቀቱን ይዛ ወጥታ፣ ከኮሌጁ ግቢ በር እስከ ጣና ዳር ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ መግባት ትዝ አላላትም።

ትንሽ ቆይቶ ለአብዱሰመድ ከቢቸና ሂሳብ መጣ። የላከችው ወይንእሸት ናት፤ ሁለት ማሰሮ ጠጅ ይላል፣ ለማስረጃ የሀሲናን ገጽ ቅጂ አያይዛበታለች። ገጹ ላይ እውነትም ሁለት ማሰሮ ባዶ መሆኑ፣ መጠኑም፣ ቀኑም በሀሲና እጅ ተጽፎ ከፊርማዋ ጋር አለ። ማንም የማይክደው ማስረጃ ነው። አብዱሰመድ ደርሶኝ አይቼዋለሁ፣ ግን የጠጅ ሂሳብ ከፍዬ በምን ፊቴ መስጊድ እገባለሁ አለ። ሀሲና ከባሕር ዳር ለወይንእሸት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር መለሰች፦ እኔ አልጠጣሁም። የጠጡት ሦስት ናቸው። ስማቸው እዚያው ገጽ ላይ አለ። ወይንእሸት ሂሳቡን ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች። መቶ አለቃ ትእዛዝ ፈጽሜያለሁ አሉ። መሪጌታ ዳኛ ከፍሎ አይፈርድም አሉ። ጋሽ ያየህ ደግሞ ሂሳቡን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ ይህ ነገር እርግጠኛ ለመሆን እንደገና ቢሠራ ምን ይመስልሻል ብለው ጠየቋት። ሂሳቡ አልተከፈለም።